በጽዋ ላይ የሚታይ ተራራ፦ የጃፓን ሸክላ ግሌዝና መልክዓ ምድር

አመድና እሳት (ክሩን የከፈተው)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ጃፓን በብሔራዊ ቅርስነት ከመዘገበቻቸው የሻይ ጽዋዎች መካከል በራሷ ምድር የተሠሩት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ከቻይናና ከኮሪያ የመጡ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሆንአሚ ኮኤትሱ (1558–1637) የሠራው ነጭ የራኩ (በእጅ ተቀርጾ በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮስ የኪዮቶ ሸክላ) ጽዋ ነው፤ ስሙም «ፉጂሳን»፣ የፉጂ ተራራ ነው። ኮኤትሱ በቤተሰቡ ሙያ የሰይፍ ወልዋይና መዛኝ፣ በዝናው ደግሞ የቁም ጽሕፈት ሰው ነበር እንጂ ሸክላ መተዳደሪያው አልነበረም። ጽዋው ወደ እቶን ሲገባ ዙሪያውን የተቀባው አንድ ዓይነት ነጭ ግሌዝ ነበር። ሲወጣ የታችኛው ግማሽ በካርቦን ተመትቶ ግራጫና ጥቁር ሆኖ፣ የላይኛው ግማሽ ደግሞ ነጭነቱን እንደ ያዘ ተገኘ። ኮኤትሱ ይህን አይቶ የተራራውን ስም ጽዋው በሚቀመጥበት ሣጥን ላይ በእጁ ጻፈበት። ጽዋው ዛሬ በናጋኖ ክፍለ ሀገር፣ በሱዋ ከተማ፣ በሳንሪትሱ ሃቶሪ ሙዚየም ይገኛል።

ለነገሩ እንግዳ የሆነ አንባቢ ቢኖር፣ ግሌዝ የምለው የድንጋይ ዱቄት፣ አመድና ሸክላ አፈር በውኃ ተበጥብጦ ዕቃው ላይ ከተቀባ በኋላ በእቶን ውስጥ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚለብጠውን ሽፋን ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ሳይቀባው፣ ከማገዶው የሚነሣው አመድ ራሱ ዕቃው ላይ አርፎ ይቀልጥና ግሌዝ ይሆናል። የጃፓን የሻይ ሥነ ሥርዓት ሰዎች እሳት በዕቃው ገጽ ላይ የተወውን ምልክት ሁሉ፣ የፈሰሰውን ግሌዝ፣ የተከማቸውን አመድ፣ የተለበለበውን ጎን፣ ስንጥቁንና የስንጥቁን ጥገና ጭምር «ኬሺኪ» ይሉታል። ከኮረብታ ላይ ሆነው ወደ ሸለቆ ሲመለከቱ ስለሚያዩት ነገር ሲያወሩም የሚጠቀሙት ይህንኑ ቃል ነው።

ለውይይት የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በእነዚህ ግሌዞችና በመልክዓ ምድር መካከል ያለውን መመሳሰል ብዙ ሰው ደመና እያየ አንበሳ ወይም ፈረስ እንደሚያወጣ ሰው ጨዋታ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ከዚያ የጠለቀ ዝምድና ያለ ይመስለኛል። ሠዓሊ ተራራን ሲስል ከተራራው የሚወስደው ቅርጹን ነው፤ ተራራው የተሠራበት መንገድ በሥዕሉ ውስጥ የለም። ግሌዝ ቅርጹን ለመውሰድ አስቦ አያውቅም፤ ነገር ግን ድንጋይ ይቀልጣል፣ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ሙቀቱ ባነሰበት ይቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ተራራውና ጽዋው የተሠሩት በተመሳሳይ ሥራ ስለሆነ መልካቸው ቢገጥም ሊደንቀን አይገባም። በዚህ የሚስማማም የማይስማማም ሐሳቡን ቢያካፍለን ደስ ይለኛል።


ብርሌ

ጽሑፍዎን በደስታ አንብቤዋለሁ፤ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። ተራራውን የሠራው እቶኑ ነው ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ተራራውን የሠራው በሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው እላለሁ።

ሁለተኛውን ብሔራዊ ቅርስ ይመልከቱ። በቶክዮ ሚትሱይ መታሰቢያ ሙዚየም የሚገኘው፣ «ኡኖሃናጋኪ» የተባለው የሺኖ ጽዋ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በሚኖ ምድር፣ በዛሬዋ ጊፉ ክፍለ ሀገር፣ የተሠራ ነው። በወፍራሙ ነጭ ግሌዝ ሥር ሸክላ ሠሪው በብረት ቀለም ጥቂት የተጠላለፉ መስመሮችን ጣል አድርጎበታል። ዛሬ ግን ጽዋውን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚያየው ነጭ አበባ የሞላበት የተራራ መንደር አጥር ነው። ለምን? በ1605 የተወለደው የሻይ መምህር ካታጊሪ ሴኪሹ በሣጥኑ ክዳን ላይ ግጥም ስለጻፈበት ነው፤ በአበባው አጥር መካከል በሚያልፈው መንገድ ስሄድ በረዶ እየረገጥሁ የምሄድ መሰለኝ የሚል መንፈስ ያለው ግጥም ነው። እንግዲህ ሰውዬው ሲወለድ ጽዋው ተሠርቶ አልቆ ነበር። ሸክላ ሠሪው አጥር ይሁን መረብ ወይም እንዲሁ የእጅ ጨዋታ ምን እንዳሰበ የነገረን የለም። ግጥሙን ከሣጥኑ ላይ ቢፍቁት፣ የሚቀረው መስመር የተጫረበት ነጭ ጽዋ ነው።

ስለዚህ መልክዓ ምድሩ ያለው በሚያየው ሰው ትምህርት ውስጥ ነው። በጃፓን ቅኔ ውስጥ በረዶ፣ ጭጋግ፣ የበልግ ካፊያና የተራራ ጫፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ያን ቅኔ ጠጥቶ ያደገ ሰው በማናቸውም ነጠብጣብ ላይ ያገኛቸዋል። ኮኤትሱ ከሠራቸው ጽዋዎች ሌሎቹ «ዝናብ ያዘለ ደመና» እና «ካፊያ» የሚሉ ስሞች አሏቸው። ሁለቱም ጥቁር ራኩ ናቸው። ስማቸውን ባልሰማ ኖሮ ዝናብ ትዝ ይለኝ እንደ ነበር እጠራጠራለሁ።


ሲሊካ

በሙያዬ ከሴራሚክ ኬሚስትሪ ጋር ቅርበት ስላለኝ፣ ስለ ቅኔው ለሌሎች ትቼ እቶን ውስጥ ስለሚሆነው ልናገር። ረዘም ስለሚል ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

መጀመሪያ ስለ አመድ። የእንጨት አመድ በብዛት ካልሲየም፣ ከዚያም ፖታሲየምና ማግኒዥየም ይዟል። ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋና የመስታወት ዋናው ንጥረ ነገር፣ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ እነዚህ አብረውት ሲገኙ ግን የመቅለጫው ሙቀት ወደ 1200 እና 1300 ዲግሪ መካከል ይወርዳል። በሺጋራኪና በኢጋ ባሉት ጥንታዊ ባለ አንድ ክፍል እቶኖች ውስጥ የጥድ እንጨት ለቀናት ሲነድ፣ አመዱ ከነበልባሉ ጋር እየተጓዘ እቃዎቹ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ከሸክላው ሲሊካ ጋር ተዋሕዶ ይቀልጣል፤ ሲበዛና ሲከብድ ወደ ታች ይወርዳል። በመንገዱ መጨረሻ የሚንጠለጠለውን አረንጓዴ የመስታወት ጠብታ የሻይ ሰዎች እጅግ ይወዱታል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አቅጣጫውን ነው። ነበልባል እንደ ነፋስ ይነፍሳል። ወደ እሳቱ የዞረው ጎን አመዱን ሁሉ ይቀበላል፤ ጀርባው ግን ምንም አይደርሰውምና ቀይና ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ዝናብ ያዘለው ነፋስ በሚመታው የተራራ ጎን ደን ሲበቅል ከጀርባው ያለው ምድር ምድረ በዳ እንደሚሆነው ማለት ነው። በአንድ የኢጋ የአበባ ማስቀመጫ ላይ አንዱ ጎን አረንጓዴ፣ አንዱ ጎን የተለበለበ ጥቁር፣ ሌላው ጎን ጡብ የመሰለ ቀይ ሆኖ የሚታየው የነበልባሉ ጉዞ ካርታ ስለሆነ ነው። ይህን ለማየት ግጥም አያስፈልግም፤ ዕቃው እቶን ውስጥ በየት በኩል ዞሮ እንደ ቆመ ከመልኩ ማንበብ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቀለም። በእነዚህ ግሌዞች ውስጥ ብዙውን ሥራ የሚሠራው ብረት ነው፤ ቀይ አፈርን ቀይ፣ ጥቁሩን ድንጋይ ጥቁር የሚያደርገው ያው ብረት ማለቴ ነው። ኦክስጅን በበዛበት እቶን ብጫና ቡና ዓይነት ይሰጣል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄዳል፤ መጠኑ ሲበዛ ጥቁር ይሆናል። መዳብ ደግሞ ኦክስጅን ባለበት ኦሪቤ የተባለውን የሚኖ ሸክላ አረንጓዴ ይሰጣል። የመልክዓ ምድር ቀለሞች በአብዛኛው የብረት ቀለሞች ናቸው፤ የሸክላ ሠሪውም መደብ እንዲሁ።

ሦስተኛው በጣም የምወደው ነው። በደቡብ ምዕራብ ጃፓን፣ በሳጋ ክፍለ ሀገር፣ «ቾሰን ካራትሱ» የሚባል ዓይነት አለ። በአንድ ዕቃ ላይ ጥቁር የብረት ግሌዝና ነጭ የገለባ አመድ ግሌዝ ከላይና ከታች ይቀባሉ፤ መጋጠሚያቸው ላይ ይቀላቀሉና ነጩ በጥቁሩ ላይ እየተሰነጣጠቀ ይወርዳል። ከጥቁር ገደል ላይ የሚወርድ ፏፏቴ ይመስላል የማይል ሰው አላየሁም። የሩዝ ገለባ አመድ ከእንጨት አመድ የሚለየው በሲሊካ እጅግ የበለጸገ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ግሌዙ ወተት መሰል ይሆናል። መጋጠሚያው አካባቢ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ ግን ማንም የጨመረው ሰማያዊ ቀለም የለበትም። በቀለጠው መስታወት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፈሳሾች እንደ ዘይትና ውኃ ተለያይተው እጅግ ደቃቅ ጠብታዎች ይፈጥራሉ፤ ብርሃን በእነዚያ ላይ ሲበተን ዓይናችን ሰማያዊ ያያል። ሰማይም ሰማያዊ የሆነው ብርሃን በአየር ውስጥ በሚበተንበት ሁኔታ ነው። አቶ ብርሌ፣ ይህኛው ከሣጥን ላይ የተጻፈ አይመስለኝም።


ብርሌ

ሲሊካ፣ ትምህርትዎ ድንቅ ነው፤ አመሰግናለሁ። ሆኖም ጥያቄዬ አልተመለሰም። ከፋብሪካ የሚወጣ የመጸዳጃ ቤት ሸክላም እንዲሁ ፌልድስፓር የተባለው የድንጋይ ማዕድንና ሲሊካ ቀልጦበት ነው የተሠራው፤ ኬሚስትሪው ያው ነው። ለምን እዚያ ላይ ተራራ አናይም? አንዱን ጉድለት ብሎ የሚጥለው፣ ሌላውን መልክዓ ምድር ብሎ በሐር የሚጠቀልለው ሰው ነው። የምከራከረው ስለዚህ ምርጫ ነው።


የማታ ተማሪ

እኔ የምኖረው አውሮፓ ውስጥ ሲሆን፣ ከሥራ በኋላ በአካባቢዬ ባለ የሸክላ አውደ ጥናት እማራለሁ። ከሁለታችሁም መካከል የቆመ አስተያየት አለኝ፤ ሁለታችሁም ሸክላ ሠሪውን ረስታችሁታል።

ስለ ቢዜን ላስታውሳችሁ። በኦካያማ ክፍለ ሀገር ኢምቤ በተባለ ቦታ የሚሠራው ይህ ሸክላ ጨርሶ ግሌዝ አይቀባም። ምክንያቱ ጭቃው ነው፤ ከሩዝ ማሳ ሥር የሚወጣው ይህ ጥቁር ጭቃ ብረት የበዛበት፣ ሲተኮስ ብዙ የሚኮማተርና ድንገተኛ ሙቀት የማይወድ በመሆኑ፣ የተቀባውን ግሌዝ አራግፎ ይጥላል። ስለዚህ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት በዝግታ ይተኮሳል። ያለ ግሌዝ ግን መልኩ የማያልቅ ነው። በትከሻው ላይ ሰሊጥ የተበተነ የሚመስል የአመድ ነጠብጣብ ይወጣበታል፤ በፍም ውስጥ የተቀበረው ክፍል ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፤ በሩዝ ገለባ የተጠቀለለው ደግሞ ገለባው በነካው ሥፍራ ሁሉ ቀይ መስመር ይቀርበታል፤ የገለባው ፖታሲየም ከጭቃው ብረት ጋር ስለሚሠራ ነው።

እንግዲህ ገለባውን ማን ጠቀለለው? ዕቃውን ወደ እቶኑ አፍ አቅርቦ ፍም ውስጥ እንዲቀበር ያስቀመጠው ማን ነው? በሰፊ ሳህን ላይ ትንሽ ጽዋ አስቀምጦ ያ ቦታ አመድ እንዳያርፍበት፣ ሲወጣም በጠቆረ ሰማይ ላይ ክብ ቀይ ጨረቃ እንዲታይ ያደረገውስ? «እሳት የሠራው» ሲባል ሸክላ ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ የቆመ ያስመስለዋል፤ እርሱ ግን እያንዳንዱን ዕቃ ሲደረድር ነበልባሉ በየት እንደሚያልፍ አስቦ ነው። የማይቆጣጠረው ዝርዝሩን ነው። ገበሬ ዝናብን ባያዝዝም ማሳውን የት እንደሚያርስ ያውቃል።

በእኛ አውደ ጥናት ያለው እቶን በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ አመድም ነበልባልም የለውም። አመድ በወንፊት ነፍተን ትከሻው ላይ በመርጨት ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት እንሞክራለን፤ ይቀልጣል፣ ይወርዳልም። ውጤቱ ግን በዙሪያው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሲሊካ እንዳሉት ነፋስ የሌለበት አየር ንብረት ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህን እያደረጉ በእንጨት የተተኮሰ ብለው የሚሸጡ መኖራቸው ግን ያሳዝነኛል።


ገንቦ

አጭር ጥያቄ አለኝ። ክሩን የከፈቱት ወንድማችን «ፉጂሳን» ጽዋ በካርቦን ጠቆረ ብለዋል። የእኛ አገር ጀበና የሚጠቁረውም በጢስ ነው፤ ሸክላ ሠሪዎቻችን ገና ትኩስ ሳለ በቅጠልና በገለባ ያጥኑታል። ነገሩ አንድ ነው ማለት ነው?


አመድና እሳት

በኬሚስትሪው አዎን፤ ቀዳዳ ባለው ትኩስ አካል ውስጥ ካርቦን ሰርጎ መቅረቱ በሁለቱም ዘንድ አለ። ልዩነቱ ጀበናው ግሌዝ ስለሌለው ሸክላው ራሱ መጠጣቱና ሸክላ ሠሪዋ ጥቁሩን ፈልጋና አስባ ማምጣቷ ነው። በኮኤትሱ ጽዋ ላይ ግን ማንም ሳያቅደው ሆነ።

ለአቶ ብርሌ፦ የመጸዳጃ ቤቱ ሸክላ ምሳሌ ጥሩ ነው፤ ግን ለእኔ ይመሰክርልኛል ብዬ እገምታለሁ። ፋብሪካው የሚደክመው ግሌዙ እንዳይፈስስ፣ እንዳይሰነጠቅ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እንዲሆን ነው። የዱቄቱን ንጽሕና፣ የእቶኑን ሙቀት፣ የአየሩን መጠን ሁሉ አስተካክሎ መልክዓ ምድሩ እንዳይፈጠር ይከለክላል። ኬሚስትሪው ያው ቢሆንም አየር ንብረቱ ተወግዷል።

የማታ ተማሪ ያነሡት ደግሞ ተገቢ ነው። ሆኖም ሸክላ ሠሪው የሚያበረክተው ሌላም ነገር አለ፤ ግሌዙን ከምን እንደሚሠራው ማለቴ ነው። የኪዮቶ ራኩ ቤተሰብ ለጥቁር ግሌዙ የሚጠቀመው ከከተማይቱ መካከል ከሚያልፈው ከካሞ ወንዝ የሚለቀም ድንጋይ ተፈጭቶ ነው። በ1924 ወደ ማሺኮ ከተማ ሄዶ የተቀመጠው ሸክላ ሠሪ ሃማዳ ሾጂ የታወቀበት ቀይ ቡና ግሌዝ ከአካባቢው ከሚቆረጥ ድንጋይ ዱቄት የተሠራ ነው፤ ነጩም ከሩዝ ቅርፊት አመድ። የሺጋራኪ ጭቃ የጥንቷ ቢዋ ሐይቅ ወለል ላይ የተከማቸ፣ ከተሰባበረ ግራናይት የመጣ ደለል ሲሆን፣ በውስጡ የቀሩት የፌልድስፓር ቁርጥራጮች በእሳት ቀልጠው ነጭ ነቁጥ ሆነው ገጹ ላይ ይወጣሉ። ግራናይቱ በሚሊዮን ዓመታት ወደ ጭቃ ተለወጠ፤ እቶኑ ደግሞ በጥቂት ቀናት ወደ ድንጋይነት መለሰው። እነዚህ ዕቃዎች መልክዓ ምድርን ይመስላሉ ከማለት ይልቅ የመልክዓ ምድር ቁራጭ ናቸው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።


ነጭ ጠጠር

ስለ ሺኖ ብቻ ጥቂት ልጨምር፤ በእኔ ግምት ከበረዶ ጋር የሚወዳደር ግሌዝ ቢኖር እርሱ ነው።

የሺኖ ግሌዝ ከሞላ ጎደል ፌልድስፓር ብቻ ነው። ወፍራም ሆኖ ይቀባል፤ በዝግታ ይተኮሳል፤ በዝግታም ይቀዘቅዛል። ሲቀልጥ እንደ ማር ስለሚወፍር ብዙ አይፈስስም፤ በውስጡ የተያዙት የአየር አረፋዎች ነጭ ያደርጉታል፤ ሊያመልጡ ሲሉ የቀሩት ደግሞ ገጹን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጥቃቅን ቀዳዳ ያደርጉታል። ግሌዙ በሳሳበት በከንፈሩና በማዕዘኑ ላይ ከሥር ያለው ብረት ይወጣና ቀይ ብርቱካናማ ይሆናል። በማለዳ ፀሐይ የተመታ በረዶ ነው። ግርጌው አካባቢ ብዙ ጊዜ ግሌዙ ያልደረሰበት የጣት ቅርጽ ይገኛል፤ ሸክላ ሠሪው ጽዋውን ይዞ ግሌዙ ውስጥ የነከረበት እጅ ነው።

በዚህ ግሌዝ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስደስት ጉዳይ አለ። ሺኖ የተሠራው በሴቶ ከተማ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በ1930 አራካዋ ቶዮዞ (1894–1985) የተባለው ሸክላ ሠሪ በጊፉ ተራሮች ውስጥ በሚገኝ የፈረሰ እቶን ፍርስራሽ ላይ የቀርከሃ ቡቃያ የተሣለበት የሺኖ ስባሪ አገኘ፤ ሥዕሉ አስቀድሞ ባየው የተሟላ ጽዋ ላይ ከነበረው ጋር ይመሳሰል ነበርና የሺኖ አገሩ ሚኖ መሆኑ በዚያ ተረጋገጠ። አራካዋም እዚያው አጠገብ እቶን ሠርቶ የጠፋውን ግሌዝ መልሶ ለማግኘት ዕድሜውን ሰጠ፤ በ1955 ለታላላቅ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች በሚሰጠው ማዕረግ ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተሰየመ። ለአቶ ብርሌ የምለው ይህ ሰው የተመራው በግጥም አልነበረም፤ በእጁ የያዘው ስባሪ ነበር። ነገር ግን ያን ስባሪ ፍለጋ ተራራ ለተራራ እንዲዞር ያደረገው ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ሣጥኖቹና ስሞቹ ያቆዩለት ፍቅር ነው ለማለት እገደዳለሁ። ለሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ሰጠሁ።


ብርሌ

ግማሽም ቢሆን ተቀብያለሁ። አሁን ወደ አስቸጋሪው ልሂድ። በቶክዮ ጎቶ ሙዚየም የሚገኘውን፣ «የተቀደደ ከረጢት» የሚል ስም ያለውን የኢጋ የውኃ ማሰሮ በፎቶግራፍ አይታችኋል? ታችኛው ክፍሉ ሆዱ አብጦ ሰፊ ስንጥቅ ወጥቶበታል፤ በአንድ በኩል አረንጓዴ ግሌዝ ፈስሶበታል፤ በሌላው በኩል ተለብልቧል። ጃፓኖች ጠቃሚ ባህላዊ ንብረት ብለው መዝግበውታል። ለእኔ ይህ በእቶን ውስጥ የተበላሸ ማሰሮ ነው። ውኃ መያዣ ሆኖ የተሰነጠቀን ዕቃ ሸለቆ ይመስላል ብሎ ማድነቅ ከየት የመጣ ነው?


አመድና እሳት

ማሰሮው ለረጅም ጊዜ ከፉሩታ ኦሪቤ ጋር ተያይዞ ሲነገርለት የኖረ ነው፤ ኦሪቤ የጦር አለቃና የሻይ መምህር ሲሆን፣ የታላቁ የሻይ መምህር የሴን ኖ ሪኪዩ ደቀ መዝሙር ነበር፣ በ1615 ራሱን እንዲያጠፋ ታዝዞ ሞተ። በእርሱ ዘመን የነበሩ የሻይ ሰዎች ጠማማውን፣ የተኮማተረውንና የተቃጠለውን ዕቃ መፈለግ ጀምረው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ፍርድ ከቻይና የመጡትን እንከን የለሽ ዕቃዎች የሚያስቀድም ነበርና፣ ለውጡ ትልቅ ነው።

ስንጥቁን በሚመለከት፣ ማሰሮው የተሰነጠቀው የታችኛው ክፍል የላዩን ክብደት እየተሸከመ በከፍተኛ ሙቀት ስለለሰለሰ ነው። የሆዱ ማበጥ፣ የጎኑ መቀደድ፣ የአመዱ መፍሰስ የአንድ ድርጊት ሦስት ገጾች ናቸው። ስንጥቁን ሸፍነው አረንጓዴውን ብቻ ቢያዩ ውብ ግሌዝ ያያሉ፤ ሁሉን አብረው ሲያዩ ግን መሬት ሲንቀጠቀጥና ሲሰምጥ የቀረውን መልክ ያያሉ። ስምጥ ሸለቆ ባለበት አገር ለተወለደ ሰው መሬት ተቀዶ ውብ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልገኛል ብዬ አላስብም።

ውኃ ስለመያዝ ያነሡትን ግን አልክድም። ለማገልገል የማይችል ዕቃ እስከ የት ድረስ ዕቃ ነው የሚለው ጥያቄ የሻይ ሰዎችንም ራሳቸውን ሲያከራክር የኖረ ነው። እኔ በግሌ የቤት ዕቃ ሆኖ የሚያገለግለውን የካራትሱ ጽዋ እመርጣለሁ።


የማታ ተማሪ

ስንጥቅ ከተነሣ፣ ከኮኤትሱ ቀይ ራኩ ጽዋዎች አንዱ፣ «የበረዶ ጫፍ» የሚባለውና በቶክዮ በሃታኬያማ ሙዚየም ያለው፣ ከከንፈሩ ላይ ነጭ ግሌዝ እንደ በረዶ የወረደበት ነው፤ እቶን ውስጥ የተሰነጠቀውም በወርቅና ላከር በተባለ የዛፍ ሙጫ ተጠግኖ ከበረዶው ሥር የሚወርድ የወርቅ ጅረት ሆኗል። እሳቱ በረዶውንና ስንጥቁን ሠራ፤ ሰው ወርቁን ጨመረበት፤ ከዚያ ስም ወጣለት። ይህን ጽዋ ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ብቻ መስጠት አይቻልም።


ሲሊካ

አንድ ያልተነሣ ነገር አለ፤ ጊዜ። ግሌዝ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው የበለጠ ከተኮማተረ መረብ የመሰለ ደቃቅ ስንጥቅጥቅ ያወጣል። በያማጉቺ ክፍለ ሀገር በሚሠራው በሃጊ ሸክላ ላይ ይህ ስንጥቅጥቅ ክፍት ነው፣ ሸክላውም ጠጪ ነው፤ ስለዚህ ሻዩ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርግና ነጩን ወደ ብርቱካናማ፣ ወደ ቡና ይለውጠዋል። ጃፓኖች የሃጊን ሰባት ለውጦች ብለው ይናገሩለታል። ከኮሪያ በመጡ አሮጌ ጽዋዎች ላይ ደግሞ በግሌዙ ቀዳዳዎች ሰርጎ የገባው እድፍ «የዝናብ ፍሳሽ» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ጣራ ሲያፈስስ በግድግዳ ላይ የሚቀረውን እድፍ ስለሚመስል ነው። መልክዓ ምድር ወቅቶች ሲፈራረቁበት እንደሚለወጥ ሁሉ፣ እነዚህ ዕቃዎችም ከእቶን ከወጡ በኋላ መሠራታቸውን አላቆሙም። ይህን ደግሞ የሚሠራው የሚጠጣበት ሰው ነው፤ ሦስተኛ ተከራካሪ አመጣሁባችሁ።


ሩቅ ተመልካች

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። በጽሑፍ ብቻ ከመከራከር፣ እንደኔ እዚህ ያላችሁ ሁሉ ስሚዝሶኒያን ውስጥ የሚገኘውን የፍሪር ጋለሪ ብትጎበኙ እመክራለሁ። ቻርልስ ላንግ ፍሪር የሰበሰባቸው የጃፓንና የኮሪያ የሻይ ዕቃዎች እዚያ አሉ፤ ጋለሪው ከ1923 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን መግቢያውም ነጻ ነው። ጥያቄዬ ለክሩ ከፋች ነው፤ ዕቃው ፊት ስቆም በምን ቅደም ተከተል ልመልከተው?


አመድና እሳት

ስሙን የያዘውን ጽሑፍ መጀመሪያ አያንብቡ፤ ይህን የምለው ለአቶ ብርሌ ክብር ስል ነው። መጀመሪያ ጎኑን ከርቀት ይዩና እሳቱ በየት በኩል እንደ መጣበት ይፈልጉ። የሻይ ዕቃ «ፊት» አለው፤ አሳላፊው ያን ፊት ወደ እንግዳው አዙሮ ያቀርባል፣ እንግዳውም በፊቱ ላይ ላለመጠጣት ጥቂት ያዞረዋል። በሙዚየም ግን ዕቃው አይዞርምና እርስዎ ይዙሩት፤ መስታወቱ ከፈቀደ በሦስት በኩል ይዩት፤ ብዙ ጊዜ የተሻለው ነገር ያለው ወደ ግድግዳው በዞረው ጎን ነው።

ቀጥለው የግሌዙን ወሰን ይፈልጉ። ከእግሩ በላይ የት እንደ ቆመ፣ በእኩል መስመር ነው ወይስ እንደ ባሕር ዳርቻ ገባ ወጣ እያለ፣ ጫፉ ላይ ወፍሮ ተጠራቅሟል ወይስ ሳስቶ አልቋል። በኪዮቶ ዳይቶኩጂ ቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ የሚጠበቀው «ኪዛኤሞን» የተባለው የኮሪያ ጽዋ በብሔራዊ ቅርስነት ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ እግሩ አካባቢ ግሌዙ ተሰብስቦ እንደ ጠል ጠብታ መጠቅለሉ ነው። ከዚያ ያልተቀባውን ጭቃ ይመልከቱ፤ ሻካራ ነው፣ ልም ነው፣ ጠጠር አለበት? ግሌዙ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ የሚነግርዎት እርሱ ነው። ጽሑፉን የሚያነቡት ከዚህ በኋላ ነው።


ብርሌ

እኔም በዚሁ ቅደም ተከተል እሞክራለሁ፤ በአንድ ማሻሻያ ግን። ሩቅ ተመልካች፣ ስሙን ከማንበብዎ በፊት ያዩትን በወረቀት ላይ ይጻፉና፣ ከስሙ ጋር የገጠመውንም ያልገጠመውንም እዚህ ያካፍሉን። ክርክሩ በዚያ ይቀጥላል።